የአሥራ ዘጠኝ ቀን ልጅ
ተከታታይ ታሪክ፦ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሕይወትና ሥራ

ክፍል አንድ
አርባቸው ሳይወጣ

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ።

ከተማዋ በጣሊያን እጅ ከወደቀች ሦስት ወር አልሞላትም። ከአንድ ቀን በፊት አርበኞች ከየአቅጣጫው ገብተው ሊያስለቅቋት ሞክረው ነበር። ክረምቱ አልረዳቸውም። ወንዙ ሞልቶ፣ ጭቃው ይዞ፣ አንዱ ከሌላው ጋር በወቅቱ መገናኘት ስላልቻለ ጦሩ ሳይሳካለት ቀረ። ከአርበኞቹ ጋር የመጡት ጳጳስ ግን ተያዙ።

አቡነ ጴጥሮስ ይባላሉ። የፊቼ ሰው ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ። የተጠየቁት ለጣሊያን እንዲያድሩ፣ አርበኛውን ሽፍታ ነው ብለው እንዲያወግዙ ነበር። አንዲት ቃል ቢሰጡ ነፍሳቸው ትተርፋለች። እሳቸው ያችን ቃል አልሰጡም። ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ፣ መሬቷም እንዳትገዛለት ገዘቱ። ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ በጥይት ተደበደቡ።

አሁን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ እንሂድ። አምቦ አካባቢ፣ ቦዳ የሚባል አገር። ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም.። አንዲት እናት ወንድ ልጅ ተገላገለች። አባትየው ቤት የለም፤ ጣሊያንን ለመውጋት ዘምቷል። ልጁ ጸጋዬ ተባለ።

ከሐምሌ 22 እስከ ነሐሴ 11 ቁጠሩት። 19 ቀን ነው። በአገራችን ልማድ ለሞተ ሰው አርባው ይታሰባል፤ ወንድ ልጅም በተወለደ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። የጳጳሱ አርባ ገና ሳይወጣ የተወለደው ይህ ሕፃን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እኒያን ጳጳስ መድረክ ላይ አቁሞ ያናግራቸዋል። በዚያ ክረምት ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ጸጋዬ ያደገው በሁለት ቋንቋ መሐል ነው። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ የአንኮበር አማራ ናት። ኦዳ ዛፍ ሥር ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ነገር በምሳሌ ሲፈታ ያየ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ደግሞ ግዕዝ ተማረ። ቅኔ ቤት ሰምና ወርቅን ለየ። አንድ ቃል ሁለት ቤት እንዳለው፣ ከላይ ያለው ሰም ሲቀልጥ ከሥሩ ወርቁ እንደሚታይ የተማረው በዚያ ዕድሜው ነው። በኋላ የሚያስከብረውም የሚያሳስረውም ይኸው ዕውቀት ነው።

ከዚያ አምቦ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ። ገና ድምፁ ሳይጎረንን ብዕር አንሥቶ ተውኔት ጻፈ። የመረጠው ታሪክ የአገሩ አይደለም። ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ንጉሥ ዙፋን ላይ ተቀምጦ የሰው ነፍስ በእጁ ይዞ ይፈርዳል።

ተውኔቱ ተጠና፤ ተማሪዎቹም ተዘጋጁ። በመጨረሻ የታዳሚው ስም ተነገራቸው። የፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የአንድ ገበሬ አገር ልጅ ስለ ንጉሥ ፍርድ የጻፈውን፣ ፈራጁ ንጉሥ ራሳቸው ሊያዩት ነው።

መጋረጃው ተከፈተ።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል ሁለት
ከሕግ መጽሐፉና ከመጋረጃው

ባለፈው ሳምንት ያቆምነው መጋረጃው ሲከፈት ነበር።

ዲዮኒስዮስ በጥንት ታሪክ የሚነሣ ክፉ ገዥ ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ሞት የተፈረደበት ሰው ቤቱን ተሰናብቶ እንዲመጣ ይለምናል፤ ወዳጁ አንገቱን ዋስ አድርጎ ይያዝለታል። ሰውየው ካልተመለሰ የሚሞተው ዋሱ ነው። ዋስ ጠርቶ መሟገት፣ በሰው ፊት ቆሞ «በላ ልበልሃ» ማለት ለሚያውቅ የኢትዮጵያ ታዳሚ፣ ዲዮኒስዮስ የሩቅ አገር ሰው አይሆንበትም። ታዳጊው ጸጋዬ ይህን ገብቶት ነበር። ሰው የራሱን ፍርድ ቤት በባዕድ ስም ሲያይ ይበልጥ ያስተውላል።

ንጉሡ ተውኔቱን ካዩባት ከዚያች ቀን በኋላ የልጁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገባ፤ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም ተማረ። በደብዳቤ ግንኙነትም ቺካጎ ከሚገኝ ብላክስቶን ከተባለ የሕግ ትምህርት ቤት በሕግ ተመረቀ።

ለዚያ ዘመን ወጣት በሕግ መመረቅ ማለት ወንበር፣ ማዕረግ፣ ቤትና መኪና ማለት ነው። «አዝማሪ» ተብሎ በሚናቅበት አገር መድረክ ላይ መውጣት ደግሞ ለወላጅ የሚነገር ሥራ አልነበረም። በአንድ እጁ ዲግሪ፣ በሌላው እጁ የቴአትር ብራና የያዘው ወጣት የቱን አስቀመጠ?

ዲግሪውን አስቀመጠ። በዩኔስኮ ድጋፍ በ1952 ዓ.ም. ገደማ አውሮፓ ሄዶ ለንደን የሮያል ኮርት ቴአትርን፣ ፓሪስ የኮሜዲ ፍራንሴዝን፣ ሮም ደግሞ ኦፔራውን አጠና። የአባቱን አገር የወረረችው የጣሊያን ዋና ከተማ መድረክ ሥር ተቀምጦ ሙያዋን ቀሰመ። ከዚያም የቀሰመውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ በ1950ዎቹ የጸጋዬ ቤት ሆነ። የጥበብ ዳይሬክተር ሆኖ ተዋናይ አሠለጠነ፣ ጻፈ፣ ተረጎመ፣ አዘጋጀ።

ከእሱ በፊት የአማርኛ መድረክ ባዶ አልነበረም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በእንስሳት ተረት ሹማምንትን የሄሰ የመጀመሪያውን ተውኔት አሳይተዋል። ዮፍታሔ ንጉሤም ቅኔውን መድረክ ላይ አውጥቷል። ነገር ግን መድረኩ ብዙውን ጊዜ የነገሥታትና የምክር መስጫ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ጸጋዬ መድረኩን ለድሀው ከፈተለት። «የከርሞ ሰው»፣ «እኔም እኮ ሰው ነኝ»፣ «የእሾህ አክሊል»፣ «በልግ»፤ ርዕሶቹን ብቻ አንብቡ። ከገጠር መጥቶ ከተማ የዋጠው፣ ጎዳና ላይ የቀረው፣ ስሙን የሚጠራው ያጣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፁ ተናገረ። ክራቫት ያሰረው ታዳሚ በር ላይ አልፎት የመጣውን ሰው፣ መብራት ሥር ቆሞ ዓይን ዓይኑን ሲያየው አገኘው።

ንግግሩም አዲስ ነበር። እስቲ ይህን በቅርብ እንየው። በአማርኛ ግጥም የወል ቤት የምንለው ስድስት ቀለም ብሎ ዐረፍ፣ ደግሞ ስድስት ብሎ ይዘጋል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለፉከራ ይመቻል፤ ረዥም ሐሳብ ይዞ መድረክ ላይ ለሚጓዝ ሰው ግን ትንፋሹ ያጥራል። ጸጋዬ ስምንት ቀለም ብሎ ዐረፍ፣ ስምንት ብሎ የሚዘጋ መስመር ተጠቀመ። አሥራ ስድስት ቀለም! ተዋናዩ በአንድ ትንፋሽ ቁጣውን ጀምሮ፣ መሐል ላይ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በልመና ሊጨርሰው ይችላል። ሊቃውንቱ ይህን ስልት «የጸጋዬ ቤት» ብለው በስሙ ጠሩት።

ተማሪ ሳለሁ የአማርኛ መምህሬ ክፍል ፊት አቁመው ያስነበቡኝ የጸጋዬን ግጥም ነበር። ስሮጥበት አስቆሙኝና «ጣትህን ቁጠር፤ ስምንት ላይ አየር ውሰድ» አሉኝ። ቆጠርኩ፤ ወሰድኩም። ያነበብኩት ያው ነበር፤ ክፍሉ ግን ጸጥ አለ። መስመሩ የተሠራው ለሰው ሳንባ መሆኑን ያን ዕለት አወቅኩ።

በ1958 ዓ.ም. ገደማ፣ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት አካባቢ ሳለ፣ ጸጋዬ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ስሙ ገነነ። ከአንድ ዓመት በፊት በእንግሊዝኛ የጻፈው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ለንደን ታትሞ፣ የቦዳው ኦዳ ጥላ ባሕር ተሻግሮ ነበር።

ሽልማትና ሳንሱር ግን በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። እጁን የጨበጠው መንግሥት ብራናውን በቀይ እስክሪብቶ ይፈትሻል። በዚህ መሐል ጸጋዬ ወደዚያች የሐምሌ ቀን ተመለሰ። አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ ደጅ የሚጠብቅ ሞት። ሌላ ምንም የለም። ወረራ፣ ጦርነት፣ አገር፣ እምነት፤ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው አፍ እንዴት ታናግረዋለህ?

ብራናውን ዘረጋ። ከላይ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ብሎ ጻፈ።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል ሦስት
ያችን ሰዓት

ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ጳጳሱን ተራራ ላይ ያወጣቸው ነበር። ፉከራ ያስጀምራቸዋል፤ ጠላት ይሸሻል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል።

ጸጋዬ ያደረገው ሌላ ነው። ጀግናውን ብቻቸውን አስቀመጣቸው። በመነባንቡ አቡነ ጴጥሮስ የሚሟገቱት ከጣሊያን ጋር አይደለም፤ ከእመ ብርሃን ጋር ነው። እንደ አንድ የተከፋ ልጅ «ለምን ጨከንሽ» ብለው ይወቅሷታል። ልጅነታቸውን ያስታውሳሉ። ይፈራሉ። ሰው ናቸው። ታዳሚው የሚያየው የተዘጋጀ ሰማዕት ሳይሆን፣ ሰማዕት ለመሆን ከራሱ ሥጋ ጋር የሚታገል ሰው ነው። ፍርሃታቸውን ስላየ እምቢታቸው ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ያች ሰዓት የጥይቷ ሰዓት አይደለችም። ጥይቷ ከመምጣቷ በፊት፣ ማንም ሳያይ፣ ሰው «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚልባት ሰዓት ናት።

እንግዲህ የጸጋዬን ሥራ ሁሉ የምትከፍተው ቁልፍ ይህች ናት ብዬ አምናለሁ። በየተውኔቱ ውስጥ «ዝም በል» የሚል አንድ ኃይል አለ፤ ዝም ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው አለ። የከተማው ድሀ፣ ጳጳሱ፣ መቅደላ ላይ ብቻቸውን የቀሩት ቴዎድሮስ፣ ሮም አደባባይ የተማረከውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አይቶ ሰይፉን የመዘዘው ዘርዓይ ደረስ፤ ሁሉም በዚያች ሰዓት ውስጥ የቆሙ ናቸው። ከሼክስፒር መርጦ ያመጣቸውን ደግሞ ተመልከቱ፦ «ሐምሌት»፣ «ኦቴሎ»፣ «ማክቤዝ»። ሐምሌት በአማርኛ ሲያመነታ የሰማ ሰው፣ የዴንማርኩ ልዑል እዚሁ የተወለደ ይመስለዋል። ሳቅም አልቀረም፤ የሞልየርን «ታርቲዩፍ» እና «የፌዝ ዶክተር» ያመጣልንም እሱ ነው።

ከዚያ 1966 ዓ.ም. መጣ።

ተማሪው ወጣ፣ ታክሲው ቆመ፣ ወታደሩ አመፀ። በየካቲት የጀመረው እሳት በመስከረም ዙፋኑን በላው። አገሪቱ አዲስ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ሆነች። ጸጋዬም ያንኑ ስም ሰጣት፤ «ሀሁ በስድስት ወር»። ሕዝቡ ገና ከአፉ ያልወጣውን ጥያቄ መድረክ ላይ ሲጠየቅ ሰማ፤ ቴአትር ቤቱም ሞላ። የብሬሽትን ተውኔት ወደ አገሩ ሰው አምጥቶ «እናት ዓለም ጠኑ» አለው። ከጦርነት ጋር እየነገደች ልጆቿን አንድ በአንድ ለጦርነት የምትከፍል እናት ታሪክ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስንቱ ቤት ያችን እናት እንደሚሆን በዚያን ጊዜ ማን አወቀ?

አዲሱ መንግሥት ጸጋዬን ጠርቶ በባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር አደረገው። ለአጭር ጊዜ ወንበሩ፣ ማዕረጉ፣ መኪናው መጣ። ብላክስቶን ያልሰጠውን አብዮቱ ሰጠው። ሥልጣንና ብዕር ግን በአንድ ኪስ አይገቡም። ጊዜው ጨለመ። ጧት የተናገረ ሰው ማታ የሚታጣበት ዘመን ሆነ። ጸሐፊ ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ክረምት ጳጳሱ የተጠየቁት ጥያቄ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ጳጳሱን ባናገራቸው ሰው በር ላይ መጣ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ከዚያ ወዲያ ተውኔት የለም፤ መብራት የለም፤ የሚያጨበጭብ የለም።

ጸጋዬ ያለ ፍርድ ታሰረ። በሩ ከበስተኋላው ተዘጋ።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል አራት (የመጨረሻው)
የተነሣው ሐውልት

በሩ ተከፈተ። እስሩ አልረዘመም፤ ጸጋዬ በሕይወት ወጣ። በዚያ ዘመን ይህ ለሁሉ አልተሰጠም።

ከእስር ከወጣ በኋላ የሚፈራ ሰው ይጠፋል፤ የሚመረው ሰው ይሰደዳል። ጸጋዬ ወደ ማስተማር ሄደ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም ከደከሙት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። «አዝማሪ» ተብሎ ይናቅ የነበረው ሙያ ዲግሪ የሚሰጥበት ሆነ። ዛሬ መድረክ ላይ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ድራማ ከምናያቸው ብዙዎቹ ከዚያ ክፍል የወጡ ናቸው።

ብዕሩም አልደረቀም። ቴዎድሮስን፣ ምኒልክን፣ ጴጥሮስን፣ ዘርዓይ ደረስን ያናገረባቸው ተውኔቶች በኋላ «ታሪካዊ ተውኔቶች» ተብለው በአንድ ጥራዝ ተሰበሰቡ። ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ወደዚያው ፊደል ተመልሶ «ሀሁ ወይም ፐፑ» አለ። ፊደሉ በሀ ጀምሮ በፐ ያልቃል፤ የአገር ጉዳይም እንዲሁ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ከጦርነት የወጣች አገር የቱን እንደምትቆጥር ትምረጥ ብሎ ጠየቀ። በሦስቱም መንግሥታት ዘመን ሥራዎቹ ከእገዳ አላመለጡም። ሦስት ዓይነት ባንዲራ ይዘው የመጡ ሦስት መንግሥታት በአንድ ብራና ላይ ከተስማሙ፣ ብራናው እውነት ነገር ቢኖረው ነው።

በዚህ መሐል ግጥሙ አህጉር ተሻገረ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መዝሙር ግጥም የጸጋዬ ነው። ድርጅቱ የአፍሪካ ኅብረት ሲሆንም መዝሙሩ አብሮ ተሻገረ። መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ለመዝሙር ሲነሡ፣ የሚሰሙት የቦዳውን ልጅ ቃል ነው።

ከዚያ ሰውነቱ ከዳው። ኩላሊቱ ታመመ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ለኩላሊት እጥበት ኒው ዮርክ ሄደ። ሕይወቱን ሙሉ ስለ አገሩ የጻፈ ሰው፣ ከአገሩ ርቆ በማሽን ደሙን እያሳጠበ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። አሜሪካ ያለው ሐበሻ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ለሕክምና ይሄዳሉ፣ «እመለሳለሁ» ይላሉ፣ ዓመቱ ይደራረባል።

የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ጸጋዬ ገብረ መድኅን በማንሃታን ዐረፈ። 69 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ወደ አገሩ መጣ፤ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ልጅ ሳለ ተውኔቱን ተቀምጠው ያዩለት ንጉሠ ነገሥትም ያረፉት በዚያው ካቴድራል ነው። አምቦ ላይ በመጋረጃ ተለያይተው የነበሩት ደራሲና ታዳሚ፣ አሁን በአንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። አንድ ነገር ግን ቀርቷል።

በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቦታው ተነሣ። ከተማው ደነገጠ። ሽማግሌው ቆሞ አየ፤ ወጣቱ በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ «ይመለሳል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከአፍ አፍ ዞረ። ለዓመታት ያ አደባባይ ባዶውን ቆየ። በመጨረሻ ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ፤ ሕዝቡም እፎይ አለ።

እኔ ያን ጊዜ የጠየቅኩት ሌላ ነው። ድንጋዩ ሲነሣ የደነገጥነውን ያህል፣ ቃሉ ከመድረክ ሲነሣ ደንግጠናል ወይ? «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ለመጨረሻ ጊዜ በሙሉ ተውኔትነቱ ሲታይ ያየ ከመካከላችን ስንት ነው? ልጆቻችን ርዕሱን ለፈተና ያውቁታል። ስምንት ላይ አየር ወስደው፣ በሳንባቸው ያነበቡት ግን ስንት ናቸው? ሐውልት ቢነሣ መንግሥት ይመልሰዋል። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ተናጋሪ ካጣ የሚመልሰው የለም። የጸጋዬ ቅርስ በመቃብሩም በስሙም ላይ አይደለም ያለው፤ በሚናገረው ሰው አፍ ውስጥ ነው። ተውኔት ካልተነገረ ወረቀት ነው።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢዬ፣ አራት ሳምንት አብረን ከተጓዝን በኋላ የምለምንህና የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። በሐምሌ 22 እና በነሐሴ 11 መካከል 19 ቀኖች አሉ። ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆች ቤት ናቸው። ከእነዚያ ማታዎች በአንዱ መጽሐፉን አውጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አያት ትስማ፤ ልጅ ያንብብ። ሲሳሳት አርሙት። አዲስ አበባም ሁኑ አምቦ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ቴል አቪቭ፣ ቃሉ ያው ነው። የቴአትር ቤት ኃላፊዎችም፣ እነዚያን 19 ቀኖች በየዓመቱ ለእሱ ሥራዎች ስጡልን።

ጳጳሱ «እምቢ» ያሉባት ሰዓት አንዲት ነበረች። በየዓመቱ እንድትሰማ ያደረጋት ጸጋዬ ነው። ከእንግዲህ የምናሰማት እኛ ነን።

ተፈጸመ።